አሥራ ሰባት ቁጥር ቤት

ባለፈው ሐሙስ ከወረዳው የተላኩ ሁለት ሰዎች መጥተው የግቢዬን በር ቁጥር በአዲስ ቀለም ጻፉልኝ። አሮጌው ዝጎ አይነበብም አሉ። «ቤት ውስጥ ስንት ሰው አለ እማማ?» ብሎ አንደኛው ጠየቀኝ። «እኔ ብቻ» አልኩት። ጽፎ ሄደ። ሥራቸው አሥር ደቂቃ አልፈጀም፤ የቀለሙ ሽታ ግን እስከ ቅዳሜ ግቢው ውስጥ ቆየብኝ። ልብስ ሳሰጣም፣ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ምስር ስለቅምም ይከተለኛል። የዘይት ቀለም ሽታ ሌላውን ሰው ለበዓል የታደሰ ቤት ያስታውሰው ይሆናል። እኔን ግን ወደ ንጉሡ ዘመን ይዞኝ ይሄዳል፤ ገና ሃያ አምስት ዓመት ሳይሞላኝ ወደነበርኩበት ጉለሌ። አሁንም የምኖረው ጉለሌ ነው። ከያኔው ቤቴ እስከ ዛሬው ቤቴ በእግር ሩብ ሰዓት አያስኬድም። ቢሆንም ሩቅ ነው።

ያኔ ከቁስቋም በታች ያለው ዳገት ባሕር ዛፍ ብቻ ነበር። ጠዋት ጠዋት እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ከእንጦጦ ጎንበስ ብለው ሲወርዱ የቅጠሉ ጫፍ መሬት እየጠረገ አቧራውን ያስነሳዋል። ዛሬ ዕፅዋት የሚጠናበት ማዕከል ያለበት አካባቢ፣ ሰው በቀን እንኳ ብቻውን የማይደፍረው ጫካ ነበር። አስፋልት ያለው ዋናው መንገድ ብቻ ነው። ከዚያ ወደ ውስጥ ሲታጠፉ ድንጋይና ጭቃ ነው፤ ከግራም ከቀኝም ከሸማኔዎች ቤት የመወርወሪያ ድምፅ ይሰማል። መታጠፊያው ላይ አንድ የአረብ ሱቅ ነበር፤ ስኳሩን በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ለሕፃናት በአምስት ሳንቲም ሁለት ከረሜላ ይሰጣል። ቀጥሎ ሻይ ቤት አለ፤ ሬዲዮው ቀኑን ሙሉ ሳክስፎን የበዛበት ዘፈን ሲያሰማ ይውላል። አውቶቡስ በአሥራ አምስት ሳንቲም፣ ሰይቼንቶ ታክሲ በስሙኒ ነበር። እኔ ግን ታክሲ የምሳፈረው ዝናብ ሲጥል ብቻ ነው፤ ለራሴ ሳይሆን ለጫማዬ ብዬ። ነጭ ጫማ ነበረኝ፣ ዝቅ ያለ ተረከዝ ያለው። ከመርካቶ የገዛሁት ነው። ነጩን ዩኒፎርሜን ቅዳሜ አጥቤ፣ በአሚዶ አድርቄ፣ በከሰል ካውያ ስተኩሰው ወረቀት ይመስል ነበር። ያንን ለብሼ በጭቃው መሃል ድንጋይ እየመረጥኩ ስሄድ የሻይ ቤቱ ሰዎች «ሲስተር መጣች» ይላሉ። በዚያ ዕድሜ ከዚያ የሚበልጥ ሹመት ያለ አይመስለኝም ነበር።

የተወለድኩት ደብረ ብርሃን አጠገብ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አንድም ዘመድ አልነበረኝም። የነርስነት ትምህርቴን ጨርሼ ጉለሌ ወደሚገኘው ጤና ጣቢያ ስመደብ፣ ዘበኛው ክፍል ያከራዩ ይሆናል ብሎ ወደ አንዲት ሴትዮ ግቢ ወሰደኝ። እትዬ ዘነበች ይባላሉ። አርባ ዓመት ያለፋቸው፣ ረጅም፣ ሲስቁ አፋቸውን በነጠላቸው የሚሸፍኑ ሴት ነበሩ። ባላቸው እንጨት መሰንጠቂያ ቤት ይሠሩ የነበሩ ሲሆን ከሞቱ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። አልማዝ የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለቻቸው። ከደጃቸው በቆመ እንጨት ላይ ጣሳ ተደፍቷል፤ ጠላ ይሸጣሉ ማለት ነው። ጋኑን በወይራ ጭስ ሲያጥኑ ሽታው ከክፍሌ ይደርሳል። ኪራዬ በወር ስምንት ብር ነበር። በዚያ ስምንት ብር የተከራየሁት ክፍል ብቻ አልነበረም። ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ በግድግዳው በኩል ድምፃቸው ይመጣል፦ «አንቺ ልጅ፣ ነይ እንጂ! ወጡ ቀዘቀዘ!» ለሁለት ዓመት ያህል ራት ለብቻዬ በልቼ አላውቅም።

ሁለተኛው ዓመት ላይ ነው ዶክተር ጌታሁን ጤና ጣቢያችን የመጡት። ውጭ አገር ተምረው የተመለሱ፣ የሕክምና ተማሪዎችን የሚያስተምሩ ሐኪም ናቸው። ቀጭን፣ ክረምት ከበጋ አንድ ቡናማ ኮት የሚለብሱ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ። «እነዚህ ተማሪዎች በሽታን የሚያውቁት አልጋ ላይ ተኝቶ ነው» አሉኝ። «ከየት ተነሥቶ እንደመጣ ሰፈሩ ራሱ ያስተምራቸው። ሰፈሩን የሚያውቅ ሰው ያስፈልገኛል።»

«እኔ ነርስ ነኝ እኮ ዶክተር፣ እንዴት ሐኪም አስተምራለሁ?»

«ለዚህ ትምህርት መምህሯ አንቺ ነሽ» አሉ።

ቅዳሜ ስምንት ተማሪዎች ይዘው መጡ። ፀጉራቸው አፍሮ፣ ሱሪያቸው ከጉልበት በታች የሰፋ፣ በጭቃው ላይ እንደ ሙሽራ እየተጠነቀቁ የሚራመዱ። ከመካከላቸው ኃይሉ የሚባለው ቀይ ከረባት አስሮ ነበር፤ ጎበዝ ነው፣ ጥያቄዎቹን ያረቀቀው እሱ ነው። የመጀመሪያው በር ላይ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ ይዞ፣ እንደቆመ፣ «ስንት ልጅ ወልደዋል? ስንቱ ሞተ?» ብሎ ጠየቀ። ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች አየችው። «አንተስ ስንት እናት አለህ?» አለችና በሩን ዘጋችበት። በሁለተኛው ቤት ባልየው የለም አሉን፤ ከውስጥ ግን ሲስል ይሰማ ነበር። በሦስተኛው ውሻ ለቀቁብን።

ላባችንን እየጠረግን ወደ እትዬ ዘነበች ግቢ ገባን። ታሪኩን ስነግራቸው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ ለሁሉም ጠላ ቀዱና ኃይሉ ፊት ተቀመጡ።

«እንዲህ ቆሞ የሞተ ልጅ ይቆጠራል?» አሉት። «መጀመሪያ ቁጭ በል። ስለ ዝናቡ አውራ። እናትህ ማን እንደሆነች፣ ከየት እንደመጣህ ንገራቸው። ሰው ለማያውቀው ሰው ሐዘኑን አያወጣም። ደግሞ የነገርንህን ምን እንደምታደርግበት ንገረን። ዝም ብለህ ጽፈህ ከሄድክ ምን እንላለን?»

ኃይሉ የተናገሩትን በሙሉ ጻፈው። ዶክተር ጌታሁን ሲሰሙ፣ «እኔ ባሕር ተሻግሬ ስንት ዓመት የፈጀብኝን በአንድ ብርጭቆ ጠላ ጨረሱላችሁ» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማስተምረው ይህንን ነበር። በር ላይ እንዴት እንደሚቆም፣ መቼ ወረቀት እንደሚወጣና መቼ ኪስ ውስጥ እንደሚቀር። የዕድሩ ዳኛ አቶ ቱሉ ከሱሉልታ በኩል የመጡ ሽማግሌ ነበሩ፤ አንዱን ሰው በአማርኛ ቀጥሎ ያለውን በኦሮምኛ እያነጋገሩ ሰፈሩን ራሳቸው አዞሩን። ቤቶቹ እንዳይምታቱብን ተማሪዎቹ ሰማያዊ ቀለም ገዝተው በየበሩ ቁጥር ጻፉ። ሕፃናቱ ቀለም በነካ እጃቸው እየሮጡ የእኛ ይቅደም፣ የእኛ ይቅደም ይላሉ። አልማዝ የእነሱ ቁጥር ትልቅ ካልሆነ ብላ አለቀሰችና ኃይሉ አሥራ ሰባትን ክንድ በሚያክል ቁመት ጻፈላት። ሳምንቱን ሙሉ ሰፈሩ ቀለም ቀለም ሸተተ።

አሁን አሁን በሰፈሩ ሳልፍ ታብሌት የያዙ ወጣቶች በየደጁ አያለሁ። ቁጭ ብለው ነው የሚጠይቁት፤ በመጀመሪያም የሚያነቡት ነገር አላቸው፣ ፈቃደኛ ካልሆኑ መተው ይችላሉ የሚል። ቆሜ እሰማቸዋለሁ። አንዷ ባለፈው ጊዜ «እማማ፣ የሚፈልጉት ነገር አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። የለም አልኳት። እንዲህ ያለውን የፈቃድ ጽሑፍ እኛ አላወቅነውም ነበር። እኛ የነበረን ቃል ብቻ ነው።

ጥናታችን ስለ ሳል ነበር። የሳንባ ነቀርሳ የሚለውን ስም በዚያ ዘመን ሰው አይጠራውም። ብርድ መታው ይባላል፣ ምች ነው ይባላል። በሽታው በዘር ይሄዳል ብሎ የሚያምን ብዙ ነው። የታመመ ሰው ያለበት ቤት ልጁን የሚያገባ አይገኝም፣ ውሃ የጠጣበት ዕቃ ይለያል። መድኃኒቱ መምጣቱን፣ መርፌውን ለብዙ ወራት ሳያቋርጥ የወሰደ እንደሚድን እየነገርን ስንዞር፣ ሰዎች ራሳቸውን ይነቀንቃሉ እንጂ ማን እንደሚስል አይነግሩንም።

አንድ ከሰዓት እትዬ ዘነበች እኔንና ኃይሉን ወደ ውስጥ ጠሩን። በሩን ዘጉ። «ባሌ በብርድ አልሞተም» አሉ። «ከከተማው ወዲያ ማዶ፣ የሳንባ ሐኪም ቤት ተኝቶ ነው የሞተው። እኔ አገር ቤት ሄዷል እያልኩ ሰባት ወር ምግብ አመላልሼበታለሁ። እኔም ልጄም ራጅ ተነሥተናል፣ ምንም የለብንም። ግን ይህን ሰፈሩ ቢሰማ ከዚህ ቤት ውሃ የሚጠጣ አይኖርም። የነገርኳችሁ ሌላው ሰው ሳይረፍድበት እንዲታከም ብዬ ነው።»

«ከእኔ አይወጣም እትዬ» አልኩ።

«ካንቺ እንደማይወጣማ አውቃለሁ» አሉ። ወደ ኃይሉ አገጫቸውን አነሡ፤ «እሱስ?»

«የእኔ ተማሪ ነው» አልኳቸው። በዚያ ሰዓት ይህን ስል ምን ያህል ኩራት እንደተሰማኝ ዛሬም አስታውሳለሁ።

ዶክተር ጌታሁን የተገኘው ሁሉ ለሰፈሩ ሰው በይፋ እንዲነገር ፈለጉ። ከሰው የወሰድነውን ለሰው እንመልስ አሉ። በዚያ ጊዜ ይህን የሚያስብ አልነበረም፤ ሐሳቡ መልካም ነበር፣ አሁንም መልካም ነው እላለሁ። ጽሑፉን ኃይሉ አዘጋጀ። ዓርብ ዕለት ጤና ጣቢያ አምጥቶ ሰጠኝ። «ሲስተር፣ እዪልኝ፤ የማይሆን ነገር ካለ ሰርዢው። እሑድ ነው የሚነበበው» አለ። በታይፕ የተመታ ስድስት ገጽ ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ ከዶክተር ጌታሁን ስም ሥር፣ የእኔ ስም ከነአባቴ ተጽፏል። ስሜን በታይፕ ተመትቶ ሳየው ያ የመጀመሪያዬ ነው። ደጋግሜ አነበብኩት። ቤት ወስጄ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥኩት፤ እትዬ ዘነበች የታጠበ አንሶላዬን ሊሰጡኝ ሲገቡ «ይኼ ምንድን ነው?» አሉኝ፤ ስሜን በጣቴ አሳየኋቸው። «እልል!» አሉ፤ ማንበብ ግን አይችሉም ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ለእሑድ ብዬ ፀጉር ቤት ሄጄ ተተኮስኩ። ከሰዓት ዩኒፎርሜን አጠብኩ። ያንን ወረቀት ሁለት ቀን አሳድሬ፣ ሁለተኛውን ገጽ ሳልገልጥ መለስኩለት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በዕድሩ ድንኳን ሰው ሞልቶ ነበር። ወንዶቹ በአግዳሚ ወንበር፣ ሴቶቹ በስተቀኝ ተቀምጠዋል። ኃይሉ ያችኑ ቀይ ከረባት አስሮ ማንበብ ጀመረ። በሽታው እንዴት እንደሚተላለፍ ሲያነብ ሰው በጥሞና ይሰማል። እኔ ፊት ለፊት ተቀምጬ ፀጉሬን እዳስሳለሁ። አራተኛው ገጽ ላይ ደረሰ። «ለምሳሌ ያህል» አለ፤ «በቤት ቁጥር አሥራ ሰባት አባወራው በሳንባ ነቀርሳ ሞተዋል፤ የሞቱበትም ምክንያት ከጎረቤት ተደብቆ ኖሯል። ቤቱ መጠጥ የሚሸጥበት እንደመሆኑ...»

ክፋት አልነበረውም። ስም አልጠራም ብሎ ራሱን ያጽናና የነበረ ይመስለኛል። ስሙን ግን እኛው በበሩ ላይ ክንድ በሚያክል ቁመት ጽፈነዋል። ድምፁ ሳያቋርጥ ጭንቅላቶች ወደ ሴቶቹ በኩል ዞሩ። እትዬ ዘነበች ፊታቸውን አልሸፈኑም። ቀስ ብለው ተነሡ፣ የአልማዝን እጅ ያዙ፣ በአግዳሚዎቹ መካከል ወደ በሩ ሄዱ። ሰዎች ለማሳለፍ እግራቸውን ሰበሰቡ። ለማለፍ ከሚያስፈልገው በላይ ነበር የሰበሰቡት።

ሰኞ ማንም ወደ ጠላ ቤቱ አልመጣም። ማክሰኞም። ሐሙስ ዕለት ጋኑን አጋድመው ጠላውን ወደ ቦዩ ሲያፈሱት አየሁ። ጎረቤታቸው ከወር በፊት የተዋሰችውን ወንፊት ከደጁ አስቀምጣ፣ ሳትጣራ ተመለሰች። አልማዝ ትምህርት ቤት አብራት የምትቀመጠው ልጅ ወንበር መቀየሯን ለማንም አልነገረችም፤ እኔ የሰማሁት ከአስተማሪዋ ነው። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ልጅቱ በድንጋይ የበሩን ቁጥር ስትፍቅ አገኘኋት። አልከለከልኳትም። እንጨቱ እስኪላጥ ፈቀፈቀችው።

እትዬ ዘነበች አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ምንኛ በወደድኩ። ለራት ብቻ አልጠሩኝም። የመጀመሪያው ቀን ዘግይተው ነው ብዬ ጠበቅሁ። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ፣ ከግድግዳው ወዲያ ለእጅ መታጠቢያ የሚፈስሰውን ውሃ፣ ከዚያም ዝምታውን እሰማለሁ። አራተኛው ቀን ላይ ዳቦና ሻይ ገዝቼ ብቻዬን በላሁ። በራቸው ላይ ቆሜ «እትዬ...» ስል፣ «ደክሞኛል ልጄ፤ ሌላ ጊዜ» ይላሉ። አንድ ግቢ ውስጥ ሆኖ ሰውን መናፈቅ እንዳለ ያኔ ነው ያወቅሁት።

ዶክተር ጌታሁን የሆነውን ስነግራቸው ወረቀት አወጡ። ከዚያ ለዕድሩ የይቅርታ ደብዳቤ እንጻፍ አሉ። ሐሳባቸውን ለአቶ ቱሉ ወሰድኩ። ሽማግሌው እስክጨርስ ሰሙኝና፣ «በወረቀት ያቆሰላችሁትን በወረቀት ልታክሙት ነው?» አሉ። «ልጁን ይዘሽው ነይ። ከሴትዮዋ ደጅ ይጀምር።»

ኃይሉ ያለ ከረባት፣ ያለ ወረቀት መጣ። በሳምንታት ውስጥ ከስቶ ነበር። ከደጁ ላይ በጉልበቱ ሊንበረከክ ሲል እትዬ ዘነበች ክንዱን ይዘው አነሡት። «ግባ» አሉት። አልገባም።

«እዚህ ደጅ ላይ ተቀምጬ በእርስዎ ብርጭቆ ጠላ ልጠጣ፤ የሚያልፍ ሁሉ ይየኝ» አለ።

«ለመታየት ከሆነ አትጠጣ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ እትዬ?»

«ድንኳን ውስጥ ነው የተናገርከው፣ እዚያው ተናገር» አሉት። «ያንተን ጥፋት አንተ ተናገር። የኔን ጉዳይ እኔ እናገራለሁ።»

በወሩ ዕድሩ ሲሰበሰብ ሰው ይመጣ ይሆን ብዬ ሰግቼ ነበር፤ መጣ። ኃይሉ ተነሣ። «ባለፈው ያነበብኩት የእኔ አልነበረም» አለ። «ሰው አምኖኝ የሰጠኝ ነው። አደራ በልቻለሁ። በሽታው ካለበት ቤት ይልቅ የሚያስፈራው የእኔ አፍ ነው።» ተቀመጠ። ወረቀቱ እኔ ዘንድ ሁለት ቀን ማደሩን አልተናገረም። ወደ እኔም አላየም። እኔ መነሣት ነበረብኝ። እግሬን ሰብስቤ፣ ልነሣ ብዬ፣ በየአግዳሚው ያሉትን ፊቶች አየሁ፤ ሲስተር የሚሉኝን ሁሉ። አልተነሣሁም።

ከዚያ እትዬ ዘነበች ተነሡ። በዕድር ስብሰባ ላይ ሴት ቆማ ስትናገር ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያኔ ነው። ስለ ባላቸው ሕመም፣ ስለ ሰባቱ ወር ስንቅ፣ ደብቀው ያለቀሱትን ሁሉ ተናገሩ። «እኔ የደበቅሁት ስለፈራኋችሁ ነው» አሉ። «የፈራሁትም ደረሰ። አሁን የሚስል ያለበት ቤት ሁሉ ይህን አይቶ የባሰ ይደብቃል። እሱ ነው የሚያሳዝነኝ።» ተቀመጡ። በመጨረሻ አቶ ቱሉ በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ፤ «እኔም ካምና ጀምሮ እስላለሁ» አሉ። «ዳኛ ስለሆንኩ ደበቅሁ። ነገ ራጅ እነሣለሁ። የሚመጣ ይከተለኝ።» በማግስቱ ጤና ጣቢያው ደጅ ላይ የተሰለፈውን ሰው ሳይ ማመን አቃተኝ። ሽማግሌው በሽታው ተገኘባቸው፤ መርፌውን ሳያቋርጡ ጨርሰው ዳኑ። ዕድሩም ከዚያ ወዲህ የሚጻፈውን ሁሉ አስቀድመው የሚያዩ ሦስት ሰዎች መረጠ። አንዱ ዲያቆን ነበር፣ አንብቦ የሚያሰማቸው እሱ ነው። እትዬ ዘነበችንም መርጠዋቸው ነበር፤ እምቢ አሉ።

ጠጪው ቀስ በቀስ ተመለሰ። እሳቸው ግን ክረምቱ እንዳበቃ ግቢውን ሸጠው ወንድማቸው ከብት ወደሚነግድበት ወደ ሸጎሌ ለመሄድ ወሰኑ። የጭነት መኪናው ዕቃውን ጭኖ ሲጠብቅ ወደ ክፍሌ መጡ። እንተቃቀፍ ይሆናል ብዬ ነበር። ደጁ ላይ ቆመው ቀሩ።

«ያ ወረቀት እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሲያድር አይቼዋለሁ» አሉ። «ድንኳኑ ውስጥ ልጁ ሲናገር፣ አሁን ትነሣለች፣ አሁን ትነሣለች ብዬ ጠበቅሁሽ።»

ዓይኔን ወደ ጠረጴዛዬ መለስኩ።

«ይቅር ብዬሻለሁ። እግዜር ያውቃል፣ ከልቤ ነው። አብሬሽ መብላት ግን አልቻልኩም።»

አልማዝ ከመኪናው ላይ እጇን አላውለበለበችልኝም።

እኔ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት አስተማርኩ። ዶክተር ጌታሁን ወደ ሌላ ሥራ ተዛወሩ፤ ኃይሉ ተመርቆ ክፍለ ሀገር ወረደ፣ ከዚያ አንድ ደብዳቤ ጽፎልኝ ነበር። በየዓመቱ አዲስ ተማሪዎች ይመጣሉ፤ ሱሪያቸው እየሰፋ፣ ፀጉራቸው እየጎፈረ፣ ወሬያቸውም ወደ ሌላ ወደ ሌላ እየሄደ። እኔ በመጀመሪያው ቀን ስለ አሥራ ሰባት ቁጥር ቤት እነግራቸዋለሁ። ስለ ተማሪው እነግራቸዋለሁ፣ ስለ ሴትዮዋ እነግራቸዋለሁ። «አንዲት ነርስም ነበረች» እልና አልፈዋለሁ። ትምህርቴ ጥሩ ነው ይሉ ነበር። ከትምህርቱ በኋላ የማርፍበት አዲስ ክፍል ተከራይቼ ነበር፤ ባለቤቶቹ ደጎች ናቸው፤ ራት ሲጠሩኝ በልቻለሁ እላለሁ። የሚጠይቁኝ ሰዎችም አልጠፉም ነበር፣ ለትዳር ማለቴ ነው። አንዱ የባንክ ጸሐፊ ነበር፣ ባለ ባርኔጣ። በእኔ ላይ እምነት የሚጥል ሰው ሲመጣ ሽሽት ሽሽት ይለኝ ነበር። ለምን እንደሆነ ለራሴም ሳልነግረው ዓመቱ ሄደ።

አገሩ ሊለወጥ ጥቂት ሲቀረው፣ ያኔ ግን ማን አውቆት፣ አቶ ቱሉን አንድ ነገር ለመንኳቸው። ሸጎሌ ሄደው እትዬ ዘነበችን፣ ለተማሪዎቼ ራሳቸው ይናገሩላቸው እንደሆነ ይጠይቁልኝ አልኳቸው። ይመጣሉ ብዬ አልጠበቅሁም። በቀጠሮው ቀን ጤና ጣቢያው መሰብሰቢያ ክፍል ስገባ ከፊት ተቀምጠዋል። ፀጉራቸው ሸብቷል፤ ነጠላቸው እንደ ድሮው የጸዳ ነው። «እንደምን ነዎት እትዬ» አልኳቸው። «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ።

አንድ ሰዓት ያህል ተናገሩ። ተማሪዎቹ እስክሪብቶ አላነሡም። አልማዝ አድጋ የታይፕ ትምህርት እንደጀመረች ነገሯቸው፤ ክፍሉ ሳቀ። ሲጨርሱ አንድ ከኋላ የተቀመጠ ተማሪ እጁን አወጣ። «ሲስተር የነገረችን ታሪክ ላይ አንዲት ነርስ ነበረች። እሷስ ምን ሆነች?»

እትዬ ዘነበች ወደ እኔ ዞሩ፤ አዩኝ። ክስ የሌለበት፣ ርኅራኄም የሌለበት አስተያየት ነበር።

ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜ ነበር፤ ወደ ፊት መጣሁ። «ነርሷ እኔ ነኝ» አልኩ። «ወረቀቱ ሁለት ቀን እኔ ቤት አድሯል። ስሜን ብቻ አንብቤ ተውኩት። ኃይሉ ሰው ፊት ቆሞ ጥፋቱን ሲናገር እኔ ተቀምጬ ሰማሁ። በየዓመቱ ይህን ታሪክ ስነግር ራሴን እያወጣሁ ነው።» ተማሪዎቹ የሚያዩበት ጠፍቷቸው ጠረጴዛቸውን ያያሉ። እትዬ ዘነበች ራሳቸውን አንድ ጊዜ፣ በቀስታ ነቀነቁ። ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ።

እስከ አውቶቡሱ ልሸኛቸው ተከትዬ ወጣሁ። በጋ ነበር፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጎን ለጎን ሆነን ያንን ሁሉ መንገድ ስንወርድ የምለው ነገር አላጣሁም፤ ሁሉንም በአንዴ ማለት አቃተኝ እንጂ። ፌርማታው ጋ ስንደርስ፣ «እትዬ፣ ምሳ ሰዓት ነው» አልኩ። «እዚህ ቅርብ ነው ቤቴ። ትንሽ ነገር አብረን...»

አውቶቡሱ መጥቶ ቆመ። መወጣጫው ላይ አንድ እግራቸውን አድርገው ወደ እኔ ዞሩ። አንቺ ልጅ እያሉ ሁለት ዓመት ያበሉኝ ሴት ናቸው። ድምፃቸው ለስላሳ ነበር።

«ይመለሱ ሲስተር» አሉኝ። «ተማሪዎችዎ ይጠብቁዎታል።»

እርስዎ ማለታቸው ነው። አክብረውኝ ይሁን፣ አርቀውኝ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ከዚያ ወዲያ አልተያየንም፤ ማረፋቸውንም የሰማሁት ከተዝካራቸው በኋላ ነው። አውቶቡሱ ዳገቱን እስኪጨርስ ቆሜ አየሁ። ከዚያ ተመለስኩ። ተማሪዎቹ አንዳቸውም ሳይነሡ እንደተቀመጡ ጠበቁኝ።